ቃዲውን ማን ይዳኘዋል? የአንደኛ ደረጃ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኛ ከሹመት እስከ ተጠያቂነት



እኛ በምንኖርበት በቆሼና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አባት ሞቶ ልጆች በቤት ሲካሰሱ፣ የተፈታች እናት ለልጆቿ ቀለብ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚንኳኳው የመስጂድ በር ነው። ሰው ኢማሙን ይጠይቃል፣ ኢማሙም የሚያውቀውን ይመልሳል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ አላህ ያቆየን። ነገር ግን ብዙ ሰው ከኢማሙ የሰማውን ቃል እንደ ፍርድ ይዞት ይሄዳል። ወረዳ ሲደርስ «የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ» ይባላል። ባንክ ሲሄድ «የወራሽነት ማረጋገጫ የት አለ?» ይባላል። ያን ጊዜ ግራ ይገባዋል።

ኢማም አስታራቂ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ሲጠየቅም የዲኑን ብይን ይናገራል። ዳኛ ግን አይደለም። ዳኛው ቃዲው ነው። ታዲያ ቃዲ ማን ነው? እንዴት ይሾማል? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ከታሪኩ ጀምረን እናያለን። ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡት፤ ነገሩ የሁላችንንም ቤት የሚነካ ነው።

▪️ ሰው የሚሸሸው ሥራ

የዲን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የቀደሙት ዑለማዎች ከቃዲነት ይሸሹ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዳኞችን በሦስት ከፍለው አንዱ ብቻ የጀነት መሆኑን፣ ሁለቱ ግን የእሳት መሆናቸውን አስተምረዋል፤ እውነቱን አውቆ ያጣመመውም፣ ሳያውቅ የፈረደውም ከጥፋተኞቹ ናቸው። ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሹመቱ ቀርቦላቸው እምቢ ማለታቸው የታወቀ ነው። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን ተቀብለው በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆኑ። አንዱ ፈርተው ሸሹ፤ ሌላው ሸክሙን ተሸከሙ። ሁለቱም የሥራውን ክብደት አውቀውታል።

ስለ ቃዲ ሲነሳ ስማቸው ከማይቀር ሰዎች አንዱ ሹረይሕ ኢብኑል ሓሪስ አል-ኪንዲ ነው። ስለ አሿሿሙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያወሩት እንዲህ ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ፈረስ ሊገዙ ከአንድ ሰው ወስደው ሲሞክሩት ፈረሱ ተጎዳባቸው። ሊመልሱ ሲሉ ባለቤቱ አልቀበልም አለ። ሹረይሕ ይፍረደን ተባባሉ። እሱም ወይ የገዙትን እንዲይዙ፣ ወይ እንደወሰዱት አድርገው እንዲመልሱ በኸሊፋው ላይ ፈረደ። ዑመር አልተቆጡም። ይልቁንም የኩፋ ቃዲ አድርገው ላኩት። ሹረይሕም ከአንድ ኸሊፋ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያ ወንበር ቆየ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰውየው ወደ ዳኝነት የገባው ሿሚውን ደስ አሰኝቶ አይደለም፤ በሿሚው ላይ ፈርዶ ነው።

ዑመር ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጻፉት የሚባለው ደብዳቤም እስከ ዛሬ የቃዲዎች መመሪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ጥቂት ነው። ሁለቱን ተከራካሪዎች በአቀማመጥም በአስተያየትም እኩል አድርግ። ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ነው፤ መሐላ የካደው ነው። ሐራምን ሐላል እስካላደረገ ድረስ እርቅ ይፈቀዳል። ትናንት የፈረድከው ስህተት መሆኑ ዛሬ ከታየህ ወደ እውነት ከመመለስ አያግድህ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፉቀሃዎች «አደቡል ቃዲ» ብለው የዳኛን ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ዕውቀት አደረጉት። በአገራችን መድረሳዎች በሚቀራው በኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ውስጥ የዳኝነት ምዕራፍ አለ። ቃዲ ሲቆጣ፣ ሲራብ፣ ሲያንቀላፋ አይፈርድም። ጉዳይ ካለው ሰው ስጦታ አይቀበልም። ለራሱ፣ ለወላጁም ሆነ ለልጁ የፈረደው ፍርድ አይጸናም። ይህ ሁሉ የተጻፈው ዘመናዊ የሥነ ምግባር ደንብ የሚባል ነገር ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

▪️ ቃዲ በኢትዮጵያ

በአገራችን ቃዲ አዲስ ነገር አይደለም። በሐረር አሚሮች ዘመን ቃዲ ከከተማይቱ ዋና ዋና ሹማምንት አንዱ ነበር፤ ጋብቻና ውርስ በቃዲው ፊት ይጻፍ ነበር። በወሎም፣ በጅማም፣ በሌሎች ሙስሊሙ በሚበዛባቸው አገሮችም ሕዝቡ የቤተሰብ ጉዳዩን የሚወስደው ወደ ቃዲ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ለራሱ ፖለቲካ ሲል የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አስፋፋ። ጣሊያን ሲወጣ የንጉሡ መንግሥት አንድ ጥያቄ ገጠመው፤ ፍርድ ቤቶቹን ይዝጋ ወይስ በሕግ ያቋቁም?

በሕግ ማቋቋሙን መረጠ። በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 12 ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ተተካ። ይህ አዋጅ ሦስት ደረጃ አቆመ፤ ከታች የናኢቦች፣ ከመካከል የቃዲዎች ጉባኤ፣ ከላይ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት። የሚያዩት ጉዳይም ተወሰነ፦ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ነገሩ ተድበሰበሰ። ሕጉ ጋብቻንም ውርስንም ለሁሉም ዜጋ በአንድ ዓይነት ደነገገ፤ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ግን አንድም ቃል አልተናገረም። የሕግ ሰዎች «ተሽረዋል»፣ «አልተሻሩም» እያሉ ሲከራከሩ ቃዲዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ፍርድ ቤቱ አለ፤ ሕጉ ግን እንዳላየ አለፈው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ እኩልነትን ሲጠይቅ፣ ከኋላው የነበረው እንዲህ ያለ «አለህም የለህምም» የሚል ዘመን ነው።

▪️ ከ1987 ወዲህ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ብዥታውን አጠራ። በአንቀጽ 78 የሃይማኖትና የባህል ፍርድ ቤቶች በሕግ ሊቋቋሙ ወይም እውቅና ሊሰጣቸው እንደሚችል፣ ቀድሞ እውቅና የነበራቸውም ተደራጅተው እንደሚቀጥሉ ደነገገ። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው።

በኅዳር 1992 ዓ.ም. የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን የሚያጠናክረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚሠሩት ፍርድ ቤቶች የቆሙት በዚህ አዋጅ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ቃዲው የሚፈርደው በእስልምና ሕግ ነው፤ የክርክሩ አካሄድ ግን እንደ ማንኛውም ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ይመራል። መጥሪያ አለ፤ መልስ አለ፤ ማስረጃ አለ፤ ይግባኝ አለ። «ሸሪዓ ነውና ወረቀት አያስፈልግም» የሚል ካለ አልገባውም። ቃዲው ፋይል ይከፍታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ከነምክንያቱ ያወጣል።

አሿሿሙም ሁለት እጅ ያለበት ነው። ዕጩውን የሚያቀርበው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። የሚሾመው ደግሞ የመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኞችን ጉዳይ የሚይዘው የዳኞች አስተዳደር አካል ነው። መጅሊሱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ስለዚህ የሚያቀርበው ሰው ጉዳይ ከበፊቱ ይልቅ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። ዕውቀቱን መስጂድና መድረሳ ይመሰክራሉ፤ ሥልጣኑን ሕግ ይሰጣል። ቃዲው ከሁለቱ አንዱን ቢያጣ ወይ ሥልጣን የሌለው ዓሊም፣ ወይ ዕውቀት የሌለው ሹም ይሆናል።

▪️ «አልፈቅድም» ያለችው ሴት

ከአዋጁ በኋላ ቃዲዎቻችንን የፈተነ አንድ ጉዳይ መጣ። ባለጉዳይዋ የግል ሰው ስለሆነች ስሟን አናነሳም። አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ ሴት በውርስ ክርክር በሸሪዓ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። ቀርባም በዚህ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማትፈቅድ ተናገረች። ተቃውሞዋ ውድቅ ተደርጎ ክርክሩ ቀጠለ። ይግባኝ አለች፤ አልተሳካም። ወደ ላይ ወጣች፤ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደረሰች፤ እዚያም አልሆነላትም። በመጨረሻ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ወሰነ፦ ፈቃዷን ሳትሰጥ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ውሳኔ እንደ ሽንፈት ሲያወራ እንሰማለን። እኛ እንደዚያ አናየውም። የቃዲው ሥልጣን ከፈቃድ የሚነሳ ከሆነ፣ ፈቃድ የሌለበትን መዝገብ መዝጋት የቃዲው የመጀመሪያ ሥነ ምግባር ነው። «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ማለት የቻለ ዳኛ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» ሲል ይታመናል። በግድ የተያዘ ባለጉዳይ ፍርዱ ትክክል እንኳ ቢሆን በልቡ አይቀበለውም። በወዶ የመጣ ግን ቢፈረድበትም ወንበሩን ያከብራል።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ። አዋጁ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ እንዲቆጠር ያደርጋል፤ ክርክሩም እሱ በሌለበት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠርታችሁ በዚያ መዳኘት ካልፈለጋችሁ ቤት አትቀመጡ። ቅረቡና «አልፈቅድም» በሉ፤ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከፈቀዳችሁ ደግሞ ክርክሩ ሲከብድ «ወደዚያኛው ልሂድ» ማለት አይቻልም። በተለይ እህቶቻችን ይህን እወቁ። ባል ወይም ወንድም ስለናንተ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም።

▪️ ስህተትና ጥፋት ይለያያሉ

ሰው በፍርድ ሲሸነፍ ቶሎ የሚመጣለት «ዳኛው ተገዛ» የሚል ቃል ነው። ይህ በአላህ ዘንድም በሕግም ከባድ ክስ ነው። ሁለት ነገር እንለይ።

አንደኛው ስህተት ነው። ዳኛው ማስረጃውን በሌላ መንገድ አይቶት፣ ወይም ሕጉን በሌላ መንገድ ተርጉሞት ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ ይግባኝ ነው። ኢጅቲሃድ አድርጎ የተሳሳተ ዳኛ በዲናችንም አንድ አጅር አለው።

ሁለተኛው ጥፋት ነው። ጉቦ መቀበል፣ ዘመዱን ማዳላት፣ ባለጉዳይን ማመናጨቅ፣ መዝገብን ያለ ምክንያት ማጓተት፣ ከተከራካሪው አንዱን ለብቻው ማግኘት። የዚህ መድኃኒቱ ይግባኝ ብቻ አይደለም፤ የዲሲፕሊን አቤቱታ ነው። በፌዴራል መደበኛ ፍርድ ቤቶች አቤቱታው የሚቀርበው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ሕጉም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1233 ታድሷል። ቃዲውም ሹመቱ በሕግ ስለሆነ ከተጠያቂነት ውጪ አይደለም።

ሦስተኛ የሚባል ካለ ደግሞ ከችሎት መነሳት ነው። ዳኛው ከተከራካሪው ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው፣ ቀድሞ በጉዳዩ ጠበቃ፣ ሞግዚት ወይም ሽማግሌ ከነበረ፣ ከአንዱ ወገን ጋር የራሱ ሙግት ካለው መነሳት አለበት። ይህ በእኛ ሰፈር በጣም ያስፈልጋል። ሁላችንም እንተዋወቃለን። ቃዲው ያስቀራው ተማሪ ሊከሰስ ይችላል፤ ኒካሑን ያሰረለት ሰው ሊካሰስ ይችላል። ትናንት ሽማግሌ ሆኖ «አንቺ ተይው፣ አንተም ተዋት» ያለ ሰው ዛሬ በዚያው ጉዳይ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ልቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን አያምነውም። ሹረይሕ ልጁ ሙግት ስላለበት ምክር ሲጠይቀው «ክሰሳቸው» ብሎት፣ ልጁ ሲከስ ግን በልጁ ላይ እንደፈረደ ይወራል። ታሪኩ የፍትሕ ታሪክ ነው። በዛሬው ሥርዓት ግን ሹረይሕም ከወንበሩ መነሳት ነበረበት።

▪️ ዳኛውን የሚጠብቀውስ?

ስለ ዲሲፕሊን ስናወራ ብዙ ጊዜ ዳኛውን ስለመቆጣጠር ብቻ እናስባለን። ሌላ ወገን አለው፤ ዳኛውን መጠበቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንደማይመራ፣ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከሥራው የሚነሳውም በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት መሆኑን ይናገራል። ያንንም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቅ ነው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ በአዲስ አበባ ሁሉም የሚያስታውሰው ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ፣ ዳኛዋ ሕጉን አይተው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዳኛዋም በኋላ ወንበሩን ለቀው ጠበቃ ሆኑ፣ ፖለቲካ ገቡ፣ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ ተሰደዱ። በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ስለ ፖለቲካቸው የየራሳችን አስተያየት ይኑረን። እዚህ ያነሳናቸው ስለ አንዲት ቀን ሥራቸው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ከዳኞች ሁሉ ዝቅተኛው እርከን ላይ ያለ ነው። ሕዝቡ ግን ፍትሕን መጀመሪያ የሚያየው በእሱ ፊት ነው። ያ ዳኛ «ነገ ምን ይደርስብኛል?» እያለ የሚፈርድ ከሆነ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ አይጠቅምም። ዑመር በራሳቸው ላይ የፈረደውን ሹረይሕ ሾሙት። እኛ በኛ ላይ የፈረደውን ቃዲ ምን እናደርገዋለን? ሰፈር ለሰፈር ስሙን እናጠፋለን ወይስ ይግባኛችንን ይዘን በሥርዓት እንሄዳለን?

▪️ ለእኛ ሰፈር ምን ማለት ነው?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ቆፈረ፣ አብሮ ቀበረ። አላህ ሟቾችን ይዘንላቸው፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥ።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከቀብር በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የዳኛ ጥያቄ ነው። ወላጅ ያጣውን ልጅ ማን ያሳድገዋል? ሞግዚቱ የልጁን ገንዘብ እንዴት ይይዛል? ከባልና ከሚስት ማን ቀድሞ ሞተ? አብረው የሞቱ፣ ቀዳሚውም ያልታወቀ ዘመዳሞች እርስ በርስ አይወራረሱም የሚለው የብዙኃን ዑለማ ብይን በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ይመስለን ነበር። እንዲህ ዓይነት ሌሊት ግን የሰው ቤት ውስጥ ይገባል። ይህን የሚወስነው የሰፈር ወሬ ወይም የጮኸ ዘመድ ከሆነ የየቲም ሐቅ ይበላል። የየቲም ገንዘብ ደግሞ በሆድ ውስጥ እሳት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህን እንያዝ።

1️⃣ ለእርቅ ወደ ኢማም እንሂድ፤ ለፍርድ ግን ወደ ቃዲ ወይም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት። የኢማም ወረቀት ፍርድ አይደለም።

2️⃣ ኒካሕ ስናስር በጽሑፍ እናስቀምጥ፤ ምስክሮቹ፣ መህሩ፣ ቀኑ ይጻፍ። ማስረጃ የከሳሽ ነው ብለናል።

3️⃣ ቃዲውን ከችሎት ውጪ አናግኘው። ቤቱ አንሂድ፣ ስጦታ አንላክ፣ «የአገሬ ልጅ» አንበለው። ይህን ስናደርግ ሐቃችንን እየጠየቅን ሳይሆን ወንበሩን እያበላሸን ነው።

4️⃣ ጥፋት ካየን በማስረጃ፣ በጽሑፍ፣ ለሚመለከተው አካል እናቅርብ። ያላየነውን አናውራ።

5️⃣ ሴት ልጅ ለመፍቀድም ላለመፍቀድም መብቷ መሆኑን በየቤታችን እናስተምር።

ቃዲ አንድ ሰው ነው። የሚያጸናው ዕውቀቱና ተቅዋው፣ የሾመው ሕግ፣ ፊቱ የምንቀርበው የእኛም አደብ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ፍትሕ ይጎድላል። አላህ ከዳኞቻችን መካከል በጀነት የተመሰከረለትን ዓይነት ያብዛልን፤ እኛንም ሐቅ ሲፈረድብን የምንቀበል ያድርገን።

ወላሁ አዕለም። ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለሌሎችም አካፍሉ።